«የለም» የተባለው ፍጥረት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ምን ያህል ዘመን ይቆያል? ባለ ስሙ ከዓይን ከተሰወረ በኋላስ ስሙን የሚጠብቅለት ማን ነው?

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በሙያዬ፣ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ያልገባበትና ያልወጣበት ሂሳብ «እንቅስቃሴ የሌለው» ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። አልተዘጋም፤ አልተሰረዘም፤ ተኝቷል እንጂ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ጠርዙ የተበላ የቁጠባ ደብተር ይዘው ወደ መስኮቴ ቀረቡ። ደብተሩ የሟች ባለቤታቸው ነበር። ቁጥሩን አስገባሁ፤ ምንም አልወጣም።

«እማማ፣ በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ሂሳብ የለም» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «ልጄ፣ እስቲ ቀስ ብለህ እይልኝ፤ እሱ ያላስቀመጠውን አስቀምጫለሁ የሚል ሰው አልነበረም» አሉኝ። ከኋላቸው የቆመው ሰልፍ ረጅም ነበርና ሸኘኋቸው። በማግስቱ ኅሊናዬ ሲቆረቁረኝ የድሮውን መዝገብ አስወጥቼ ባገላብጥ፣ ሂሳቡ በአሮጌ ቁጥሩ እንደተኛ አገኘሁት። እናታችን ተጠርተው መጡ፤ ገንዘባቸውንም ወሰዱ። እኔ ግን «የለም» ያልኩበት የልበ ሙሉነት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ዛሬ ለአንባቢዬ የማወጋው ስለዚያ ደብተር አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ «የለም» ሲባል ስለኖረ አንድ ትንሽ እንስሳ ነው። ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር ያቺ እናት ከመስኮቴ ፊት የቆሙ ይመስለኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ እንግሊዛዊ ነው። ጆን ጊልበርት ይባላል። የአእዋፍንና የእንስሳትን ቆዳ ሳይበሰብስ አድርቆ፣ ሞልቶና ቅርጽ ሰጥቶ ማቆየት ሙያው ነበር። በ1838 ዓ.ም. ስመ ጥሩውን የአእዋፍ ሊቅ ጆን ጉልድን ተከትሎ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ጉልድ ጌታ ነው፤ ጊልበርት ደመወዝተኛ። ጉልድ በለንደን ባማሩ ሥዕሎች ያጌጡ ትላልቅ መጻሕፍት ያሳትማል፤ ጊልበርት በረሃውንና ጫካውን እየዞረ ለመጻሕፍቱ የሚሆነውን ይሰበስባል። ክብሩ ለማን እንደሚሆን መናገር አያሻም።

ይሁን እንጂ ጊልበርት አንድ መልካም ልማድ ነበረው። በደረሰበት ሁሉ የአገሩን ተወላጆች ይጠይቃል። ይህ ወፍ በእናንተ ዘንድ ማን ይባላል? ያ እንስሳ የት ያድራል? ምን ይበላል? የነገሩትንም እንደ ነገሩት ይጽፋል። ያንን ምድር ከማንም በፊት የሚያውቁትን ሰዎች ያውቃሉ ብሎ መጠየቅ በዚያ ዘመን ለነበረ አውሮፓዊ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በ1840 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ዛሬ የአልባኒ ከተማ ባለችበት በኪንግ ጆርጅ ሳውንድ አካባቢ፣ የጥንቸል ግልገል የምታህል ከረጢታም እንስሳ አገኘ። የአገሬው የኑንጋር ሕዝብ ንጊልካት ይላታል። እንደ ካንጋሮ በኋላ እግሮቿ ትዘላለች፤ አፍንጫዋ ሾጣጣ፣ ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ያህል ነው። ልጇን እንደ ወገኖቿ ሁሉ ገና ሳይጠና ወልዳ በሆዷ ላይ ባለው ከረጢት ታሳድጋለች፤ የምታሳድገውም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ጉልድ በ1841 ዓ.ም. ይህችን እንስሳ ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቅ ስሟን በረዳቱ ስም ሰየመው። ከዚያ ወዲህ የጊልበርት ፖቶሩ ትባላለች።

ጊልበርት ስለ ፖቶሩዋ ከጻፈው ውስጥ ሁለት ነገሮችን አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ። አንደኛው፣ ንጊልካት ከኩዎካ አትለይም የሚለው ነው። ኩዎካ ከእሷ ተለቅ ያለ ሌላ ከረጢታም እንስሳ ሲሆን፣ ሁለቱም በረግረግና በወንዝ ዳር ባለው ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ አብረው ይኖራሉ። ሁለተኛው የአደኑ ነገር ነው። ተወላጆቹ በቁጥቋጦው መካከል ረጅም ጠባብ መንገድ ይጠርጋሉ፤ አዳኞቹ ጦር ይዘው በዚያ ይቆማሉ፤ ሽማግሌዎችና ሴቶች ከወዲያ በኩል እየጮኹና ቅጠሉን እየመቱ እንስሳቱን ይነዳሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጅግ ብዙ ይገድሉ ነበር። ይህ ማለት ደግሞ እጅግ ብዙ ነበረ ማለት ነው። የኑንጋር ሕዝብ በዚያ ምድር በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት እያደነ ኖሯል፤ ንጊልካትም አብራው ኖራለች።

ጊልበርት ብዙ አልቆየም። በ1844 ዓ.ም. ጀርመናዊው ተጓዥ ሉድቪግ ላይክሃርት ከምሥራቅ አውስትራሊያ ተነሥቶ ወደ ሰሜኑ ጠረፍ ወደ ፖርት ኤሲንግተን ሲያቀና አብሮት ሄደ። በ1845 ዓ.ም. ሰኔ 28 ሌሊት፣ በኬፕ ዮርክ ልሳነ ምድር፣ የዚያ አካባቢ ተወላጆች በሰፈሩ ላይ አደጋ ጣሉ። ጊልበርት በጦር ተወግቶ ሞተ። ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውት ጉዟቸውን ቀጠሉ። የጉዞ ማስታወሻ ደብተሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረና ከዘጠና ዓመት በላይ ማንም ሳያነበው ኖረ። በ1938 ዓ.ም. አሌክ ቺዝም የተባለ አውስትራሊያዊ ጸሐፊ በጉልድ ዘሮች ዘንድ አገኘው። ደብተሩም እንደዚያ እንደ ተኛ ሂሳብ ነበር።

* * *

ባለ ስሙ እንዲህ ካለፈ በኋላ ስሙን የተሸከመችውም እንስሳ ብዙ አልቆየችም። ከ1870ዎቹ ወዲህ የጊልበርት ፖቶሩን ያየ አልተገኘም። በየቤተ መዘክሩ መሳቢያ ጥቂት የደረቁ ቆዳዎችና የራስ ቅሎች ቀሩ። የእንስሳት ሊቃውንት ፈለጉ፤ አጡ። ዓመታት ሲደራረቡ «አልታየችም» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «የለችም» ወደሚለው ተለወጠ። አንባቢዬ ሆይ፣ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ልብ በል።

ሊቃውንቱን ለመውቀስ አይደለም። በዙሪያቸው የሆነው ሁሉ የከፋውን እንዲያስቡ ያስገድዳቸው ነበር። አውሮፓውያን በ1788 ዓ.ም. ከሰፈሩ ወዲህ አውስትራሊያ ከሠላሳ በላይ የሆኑ የራሷን አጥቢ እንስሳት ዝርያ አጥታለች። በዚህ ዘመን ይህን ያህል አጥቢ እንስሳ ያጣ ሌላ ክፍለ ዓለም የለም። ጥፋቱ ሁሉን እኩል አልነካም። እዚያው አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ1989 ዓ.ም. እንዳመለከቱት፣ አደጋው የበረታው ከ35 ግራም እስከ 5 ኪሎ ተኩል በሚመዝኑት ላይ ነው። ትልቁ ካንጋሮ ተርፏል፤ በጣም ደቃቃዎቹም በስንጥቅና በጉድጓድ ተደብቀው ብዙዎቹ ተርፈዋል። መካከለኞቹ ግን ለድመትና ለቀበሮ አፍ ልክ ሆነው ተገኙ።

ድመት ከሰፋሪዎቹ ጋር በመርከብ የመጣች ናት። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የአደን ጨዋታ ይሁንልን ተብሎ ከአውሮፓ የተወሰደ ነው። የአውስትራሊያ ትንንሽ ከረጢታሞች እነዚህን ሁለት አዳኞች አያውቋቸውም ነበር። በዚህ ላይ ደኑ ለእርሻ ተመነጠረ፤ ተወላጆቹ ከምድራቸው ሲገፉ እነሱ በልክና በወቅቱ ያነዱት የነበረው እሳት ቀረና በምትኩ አገር የሚያጠፋ ሰደድ መጣ። ቀበሮ ወደ ደቡብ ምዕራቡ የደረሰው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው፤ ፖቶሩዋ ከዚያ በፊት ከዓይን ጠፍታለች። ስለዚህ ጥፋተኛውን አንድ ብቻ አድርጎ መክሰስ አይቻልም። ብዙ ትንንሽ ወጪዎች ተደማምረው ሂሳቡን ወደ ዜሮ አወረዱት።

* * *

አሁን ታሪኩ ወደ አንዲት ወፍ ይሻገራል፤ መሻገሩም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጊልበርት በ1842 ዓ.ም. በዚያው በምዕራብ አውስትራሊያ ሌላ ፍጥረት አግኝቶ ነበር። መብረር የማይሆንላት፣ በቁጥቋጦ ሥር እንደ አይጥ የምትሮጥ፣ ድምፅዋ ግን ጆሮ የሚበጥስ ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት። ጯሂዋ የቁጥቋጦ ወፍ ይሏታል። እሷም ከ1889 ዓ.ም. ወዲህ ጠፋች፤ ስለ እሷም «የለችም» ተባለ።

ከአልባኒ በስተምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቱ ፒፕልስ ቤይ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ትርጉሙ የሁለት ሕዝቦች ወሽመጥ ማለት ነው። በ1803 ዓ.ም. ፈረንሳውያንና አሜሪካውያን መርከበኞች በዚያ ስለተገናኙ ነው ስሙ የወጣለት። በወሽመጡ ዳር የጋርድነር ተራራ ቆሟል፤ ሸለቆዎቹ ሰው የማያሳልፍ ቁጥቋጦ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሃርሊ ዌብስተር የተባለ የአልባኒ መምህር ከዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ያልለመደው ብርቱ ዝማሬ ሰማ። ታግሶ ጠበቀ፤ አየም። ጯሂዋ ወፍ ነበረች። ከሰባ ዓመት በላይ ሞታለች የተባለችው እዚያው ስትዘምር ኖራለች።

በዚያን ጊዜ በወሽመጡ ዳር ከተማ ሊቆረቆር ታስቦ ነበር። ወፊቱ ስትገኝ ክርክር ተነሣ። ለጥቂት ደርዘን ወፎች ተብሎ የከተማ ቦታ ይተዋል? በመጨረሻ የከተማው አሳብ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. ከ4,700 ሄክታር በላይ የሆነው መሬት የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ወፊቱ የምትወደው ለብዙ ዘመን እሳት ያልነካውን ቁጥቋጦ ነውና ተራራውን ከእሳት መጠበቅ ተጀመረ። ሥራው ሁሉ፣ ጥበቃው ሁሉ፣ ወጪው ሁሉ በወፊቱ ስም ነበር።

እንዲህ ሆኖ 27 ዓመት አለፈ።

በ1994 ዓ.ም. ኤልዛቤት ሲንክሌር የተባለች ተመራማሪ ተማሪ ኩዎካዎችን ለማጥናት ከባልደረባዋ ጋር ወደዚያው ጥብቅ ስፍራ ሄደች። ወጥመዱ ለኩዎካ የተዘጋጀ ነው፤ ይዞ የሚለቅ እንጂ የሚጎዳ አይደለም። አንድ ቀን ወጥመዱን ሲከፍቱ ግን ውስጡ ያለችው ኩዎካ አልነበረችም። አፍንጫዋ ሾጣጣ፣ ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ የሆነች ሌላ እንስሳ ናት። ከቤተ መዘክር አሮጌ ናሙናዎች ጋር ተመሳከረች። የጊልበርት ፖቶሩ ነበረች።

ያን በልቡ ይያዝልኝ ያልኩትን አንባቢዬ አሁን ያውጣው። ከ150 ዓመት በፊት ጊልበርት ከኩዎካ አትለይም ብሎ ጽፎ ነበር። በመጨረሻም የተገኘችው ለኩዎካ በተዘረጋ ወጥመድ ነው። የአገሬው ሰው የነገረው፣ እሱም የመዘገበው ቃል አንድም አልሳተም።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ከተማውን ትተው፣ እሳቱን ከልክለው፣ ተራራውን ለ27 ዓመት ሲጠብቁ ፖቶሩዋ በዚያ እንዳለች አያውቁም ነበር። ከአርባ የማትበልጥ የመጨረሻዋ ዘር በጉያቸው ነበረች። ወፊቱን ሲጠብቁ ያላዩትን እንግዳ ጠብቀዋል። ከተማው ተቆርቁሮ ቢሆን ኖሮ በ1994 ዓ.ም. የሚከፈት ወጥመድም፣ የሚታረም «የለም»ም ባልኖረ ነበር፤ መጥፋቷንም ማንም ባላወቀ ነበር።

* * *

ለመሆኑ አንዲት የአንድ ኪሎ እንስሳ ብትኖር ምን ትጠቅማለች? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የባንክ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄውን አልንቀውም።

የጊልበርት ፖቶሩ ምግቧ ከሞላ ጎደል እንጉዳይ ነው። ታዲያ ከመሬት በላይ ጥላ ዘርግቶ የሚታየው አይደለም፤ አፈር ውስጥ እንደ ድንች ተቀብሮ የሚያድገው ነው። ሌሊት ሌሊት በሽታው ትመራና በፊት እግሮቿ ጠንካራ ጥፍሮች ቆፍራ ታወጣዋለች። ይህ እንጉዳይ ዘሩን በነፋስ መበተን አይችልም። ፖቶሩዋ ስትበላው ዘሩ በሆዷ አልፎ በኩሷ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። በዚያም ይበቅልና በዛፎችና በቁጥቋጦዎች ሥር ላይ ይጠመጠማል፤ ውሃና ማዕድን ከአፈር ስቦ ለሥሩ ይሰጣል፤ ከሥሩም ስኳር ይቀበላል። ተክሉ ለእንስሳዋ ጥላና መሸሸጊያ ነው፤ እንጉዳዩ ምግቧ ነው፤ እሷ ደግሞ የእንጉዳዩ እግር ናት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሌሎቹ ሂሳብ ይዛባል። ይህ ልውውጥ የሚካሄደው በጨለማና በአፈር ውስጥ ስለሆነ ደረሰኝ የለውም፤ እኛም የሌለ ይመስለናል።

ያው አገር ለጥበቃው የሚሆን ሌላ ምሥጢርም ይዞ ተገኝቷል። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ አንዳንድ ቁጥቋጦዎች በቅጠላቸው ብርቱ መርዝ አላቸው። የአገሩ እንስሳት ከዘመን ብዛት መርዙን ለምደውታል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ቀበሮ ግን አይችለውም። የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ያንኑ ዓይነት መርዝ በሥጋ ላይ አድርገው በየጫካው መጣል ያዙ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው በሰፊው ተካሂዶ ብዙ ትንንሽ ከረጢታሞች እፎይ ብለዋል። ድመቷ ግን የሞተ ሥጋ ብዙም ስለማትወድ እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ናት።

* * *

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ሳጥን የቆለፈ ሰው እንቅልፍ የለውም፤ ሳጥኑ የተቃጠለ ቀን ሁሉም ያልቃልና። የፖቶሩዋም ነገር እንደዚያው ነበር። ዘሯ በሙሉ በአንድ ተራራ ላይ ነው። ለብዙ ዘመን እሳት ያልነካው ቁጥቋጦ ለእሷ ቤት ቢሆንም፣ ለእሳት ደግሞ የተከመረ ማገዶ ነው። ጠባቂዎቹ ይህን ስላወቁ ከ2005 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ጥቂት ፖቶሩዎችን ቀበሮና ድመት ወደሌሉባት ወደ ቦልድ ደሴት አሻገሩ። አሥር ያህል ብቻ ነበሩ፤ ግን ተዋለዱ፤ በዙ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዋይቺኒከፕ ብሔራዊ ፓርክ በአጥር የተከለለ ሌላ መኖሪያ ተዘጋጀላቸው።

የፈሩት አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር መብረቅ ወደቀ። እሳቱ በቱ ፒፕልስ ቤይ ካለው የፖቶሩዎቹ መኖሪያ ከመቶ ዘጠናውን እጅ በላው። ለወፊቱም ለፖቶሩዋም ሲባል ለአርባ ስምንት ዓመት የተጠበቀው ቁጥቋጦ በጥቂት ቀናት አመድ ሆነ። ያን ጊዜ ደሴቲቱ ባትኖር ኖሮ በ1994 ዓ.ም. የተገኘችው እንስሳ ለሁለተኛ ጊዜ በጠፋች ነበር። የሁለተኛው «የለም» ደግሞ ይግባኝ አይኖረውም። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሚድል ወደምትባል ሌላ ደሴት ተጨማሪ ፖቶሩዎች ተወስደዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ተደምረው በመቶ አካባቢ ይገመታሉ። ከረጢታም ከሆኑት ሁሉ እጅግ ብርቅዬዋ የምትባለውም ስለዚህ ነው።

መቶ። ማለዳ በባንካችን በር ላይ ከሚሰለፈው ሰው አይበልጥም።

* * *

ጊልበርት ሀብት አላፈራም። የቀረው በደብተሩ ላይ የጻፈው ነው። እንስሳዋ የቱ ጋ እንደምትኖር፣ ከማን ጋር እንደምትውል፣ የአገሯ ሰዎች ማን ብለው እንደሚጠሯት ጽፎ ሄደ። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው እንዲህ ባለ መንገድ ይመስለኛል። አንዱ በጥንቃቄ ይጽፋል፤ ሌላው ሳይሰርዝ ያቆያል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለማን እንደሚሆን እንኳ ሳያውቅ ቦታውን ይጠብቃል።

እኔም ዛሬ በመስኮቴ ፊት አሮጌ ደብተር ሲዘረጋልኝ የምመልሰው ቃል ተለውጧል። «የለም» አልልም። «ይጠብቁኝ፤ ልፈልግ» እላለሁ። ሰልፉ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ዓይንህ ያላየውን ጠፋ ብለህ አትተው፣
ቁጥቋጦው ዝም ያለው እንግዳ ኖሮት ነው፤
መዝገቡን አትዝጋ፣ ስሙን አትሰርዘው፣
ዛሬ የለም ያልከው ነገስ ብታገኘው?

ቸር ያሰንብተን።